ከባየህ ደረት የተቀዳው ውሃ

ፀገነት ባየህ ለሦስት ዓመት ስትቀልባቸው የኖረቻቸው ሕዋሳት ባለቤታቸው ከሞተ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰውየው ፈረንጅ ነው፤ ስሙን አታውቀውም። ሳንባው ውስጥ ከበቀለው ዕጢ ሐኪሞች ቆንጥረው ወሰዱ። እሱ ሞቶ ተቀበረ፤ ከዕጢው የተወሰደው ግን በሳህን ላይ እየተባዛ፣ ካገር አገር እየተላከ፣ የስንቱ ተመራማሪ መሞከሪያ ሆነ። ፀገነትም ህንድ አገር በተማረችበት ቤተ ሙከራ በየሁለት ቀኑ ቀይ ፈሳሽ ምግባቸውን እየለወጠች፣ ቦታ ሲጠባቸው እያካፈለች፣ ቅዳሜና እሑድ ሳትል አሳደገቻቸው።

ወደዚያ ከመሄዷ በፊት ወረታ ላይ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። ከፎገራ ሜዳ የገበሬ ልጆች መካከል እስከ ሦስተኛ ዲግሪ የዘለቀች ሴት ከእሷ ሌላ ማንም አያውቅም። አገሩ «የባየህ ልጅ የሳንባ ሐኪም ልትሆን ሄደች» አለ። ሐኪም እንዳልሆነች ስንት ጊዜ አስረዳች፤ የሚሰማት አልተገኘም።

የምታጠናው ነገር ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል የትእዛዝ መዝገብ አለ። ትእዛዙ ከመዝገቡ እየተገለበጠ በአር ኤን ኤ ይወጣል፤ በዚያም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ነገር ግን ከሚገለበጠው አር ኤን ኤ አብዛኛው ፕሮቲን አይሠራም። ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን ሥራ ፈት ነው፣ ጉድፍ ነው ሲሉት ኖሩ። በኋላ ሲመረመር ከዚያ ከተናቀው መካከል አንዳንዱ፣ ሕዋስ መቼ እንደሚያድግና መቼ እንደሚያቆም የሚያዝ ሆኖ ተገኘ። ፀገነት የያዘችው ከነዚህ አንዱን ነው። ካንሰር በያዘው ሳንባ ውስጥ ከልክ በላይ ይበዛል። እሱን ስታፍነው ግን የፈረንጁ ሕዋሳት ማደጋቸውን ይተዋሉ፤ ከፊሎቹም ይሞታሉ። ይህን በዓይኗ ያየች ዕለት ከማጉያ መሣሪያው ፊት ተነሥታ ኮሪደር ለኮሪደር ስትመላለስ ዋለች፤ የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

ምርምሯን የምትመራው መምህርቷ ግን ብዙም አልተገረመችም። «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሳንባ ነው» አለቻት። «የአንቺን አገር ሕመምተኞች ማን አይቷቸው ያውቃል? ሂጂ፣ ከእነሱ ናሙና አምጪ። እዚያም እንዲሁ የሚሆን ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ፀገነት በኅዳር 2007 ተመለሰች።

የደረሰችው ሩዝ እየተወቃ ሳለ ነው። የባየህ ቤት ከወረታ ወደ ጣና በኩል ሲወርዱ ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ጥቁሩ መሬት የሚሰነጣጠቅበት አገር። ባየህ በዚያ ሰፈር ሩዝ ከዘሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ወረዳው ሞዴል አርሶ አደር ብሎ የሰጠው የምስክር ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ሆኖ እንኳ በአጨዳ ልጁን ንብረትን የሚቀድም ነበር። ያን ቀን ግን ፀገነት ያገኘችው አውድማው ዳር፣ ጥላ ሥር፣ ነዶ ላይ ተቀምጦ ነው። ሌሎች ሲወቁ እያየ።

ተነሥቶ ሳማት። ትከሻው እጇ ላይ ቀለላት።

«ከሳሁ አይደል?» አላት።

«ምን ሁነው ነው አባየ?»

«አሁንማ ድኛለሁ። ነቀርሳ ነው ብለው ስድስት ወር ሙሉ ኪኒን አስዋጡኝ። ጨርሻለሁ። ካርዱ እናትሽ ዘንድ አለ።»

ፀገነት እጁን ያዘችው፤ መጀመሪያ ለሰላምታ ነበር። ጣቶቹ ጫፋቸው አብጦ እንደ ከበሮ መምቻ ድቡልቡል ብሏል፤ ጥፍሮቹ ወደ ታች ታጥፈዋል። ይህን ጣት በመጽሐፍ ውስጥ በሥዕል ታውቀዋለች። ሳንባው ለረጅም ጊዜ በክፉ የተያዘ ሰው ጣት ነው። እጁን ሳትለቅ ቆየች። ባየህ አውድማው ላይ የሚሠሩትን በአገጩ እያሳየ የዘንድሮው ሩዝ ከአምናው እንዴት እንደሚሻል ያወራላታል፤ በየሁለት ቃሉ መካከል ይተነፍሳል።

ካርዱን አየችው። አክታው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ቢሆንም ሳሉ ስላልቆመ የነቀርሳውን መድኃኒት አስጀመሩት። በየማለዳው ሄዶ በባለሙያ ፊት ሲውጥ ከረመ፤ አንድ ቀን እንኳ አላስታጎለም። ገና ሲጀምር ባለሙያው «ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» ብሎት ነበር። ባየህ እንደተሰደበ ሰው ተቆጣ። ባለሙያውም እንግዲያው ክፉው በሽታ አይሆንም ብሎ ተወው።

ፀገነት በሳምንቱ ባሕር ዳር ወሰደችው። ዶክተር አያልነህ የሚባል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሐኪም የደረት ራጅ አስነሣው። የግራ ሳንባው ከግማሽ በታች ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ዙሪያውን ውሃ ቋጥሯል። ከጎድን አጥንቱ መካከል መርፌ አስገብቶ ውሃውን ቀዳለት፤ ደም የነካው፣ የጓያ ወጥ የመሰለ፣ ሁለት ሊትር የሚሆን። ለምርመራ የሚሆነው በትንሽ ብልቃጥ ተወሰደ። የቀረውን ነርሷ ይዛው ሄዳ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ፀገነት ውሃው ሲደፋ ቆማ አየች። በዚያች ቅጽበት በልቧ የመጣው «አባቴ» የሚል አልነበረም። ስንት ሚሊዮን ሕዋስ ወደ ቦይ ሄደ የሚል ነው። ወዲያው አፈረች። ዞር ስትል ባየህ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እፎይ ብሎ እየተነፈሰ፣ እሷን ያያል።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ዶክተር አያልነህ ፀገነትንና ንብረትን ብቻቸውን አስገባቸው።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው» አለ።

ንብረት ፊቱ በራ። «እሱማ ድኗል እኮ ዶክተር። መድኃኒቱን ጨርሷል።»

ሐኪሙ ፀገነትን አያት። ለሁለት በሽታ አንድ ስም መዋሉ ስንት ሰው እንዳታለለ እሱ ያውቃል። «ያኛው አይደለም» አለ። «ይህ ካንሰር ነው። ወደ ሳንባው ሽፋን ተዛምቷል። አዲስ አበባ ልጻፍላችሁ እችላለሁ፤ ግን የዚያ ወረፋ ከእሳቸው ዕድሜ ይረዝማል። ውሃው ሲበዛ አምጧቸው፣ እቀዳላቸዋለሁ። ሕመም ሲጀምራቸው ማስታገሻ እሰጣለሁ። የምዋሻችሁ ነገር የለኝም።»

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ንብረት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከእሷ በሦስት ዓመት ይበልጣል። እሷ ስትማር እሱ ከአባቱ ጋር እርፍ ይዞ የቀረ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቂም አሳይቷት አያውቅም።

«ይኸ አይደል ያንች ትምህርት?» አላት።

«ነው።»

«የፈረንጁን አቆምሁት ብለሽ ጽፈሽልን ነበር።»

«በሳህን ላይ ያለውን ነው ንብረት። ሰው ላይ አይደለም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳህን ስታድኝ ነው የከረምሽ?»

እሱም ወዲያው ተጸጽቶ ጋቢውን አስተካከለ። «ለሱ እንዳትነግሪው» አለ። «ብርድ ነው እንለዋለን። ለእማየም።»

እንደዚያው አሉት። ዘመድ ተሰብስቦ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይግባ ተባለ። ፀገነት እንፋሎቱ ይከብደዋል ብትል ማን ሊሰማት። ስምንት ቀን ቆይቶ መጣ። ሲሄድ በበቅሎ ነበር፤ ሲመለስ በቃሬዛ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ እናቷ አገኘሁሽ ወረታ ሩዝ ለማስፈተግ የሄደች ቀን፣ ባየህ ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ፀገነትን ጠራት።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት። «እነዚያ ሁሉ ሲያባብሉኝ አንች ዝም ትያለሽ። የሚያውቅ ሰው ነው ዝም የሚል።»

ነገረችው። የበሽታውን ስም ጠርታ፣ የት የት እንደደረሰ ሳትደብቅ። ባየህ ወደ ሜዳው እያየ ሰማት። ከብቶቹ ቃርሚያው ላይ ተበትነዋል፤ ከርብ ማዶ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሞተር ይጮኻል።

«ለፋሲካ እደርሳለሁ?»

«እንጃ አባየ።»

«እሽ።» ጥቂት ተነፈሰና «ይኸ አንች የተማርሽው ምንድን ነው በውል? ማንም አላስረዳኝም» አላት።

«ሩዙ ሲፈተግ እብቁ ይወድቃል አይደል?» አለችው። «ሰው ፍሬውን ነው የሚፈልግ። በሰው ሰውነት ውስጥም እንዲሁ እብቅ ነው ተብሎ የተተወ ነገር አለ። እሱ ነው በሽታውን እደግ፣ ተባዛ የሚለው። እሱን ሳፍነው ማደጉን ይተዋል።»

ባየህ ይህን በዝግታ አሰበው። «እብቅ የሚንቅ ገበሬ አይደለም» አለ። «ሲነድ አይተሽው የለ? ነበልባል የለውም። ውስጥ ውስጡን ነው የሚሄድ። ጠፋ ብለሽ ስትረግጭው ነው የሚያቃጥልሽ።» ከዚያ «በኔ ላይ ሞክሪዋ» አለ፤ ሲናገር ቀልድም ልመናም አልነበረበትም።

«አይቻልም። መድኃኒት አልሆነም ገና። ሰው ዘንድ እስኪደርስ ሃያ ዓመትም አይበቃው ይሆናል።»

«እንግዲያው ያን የሚደፉትን ውሃ ውሰጅው።»

ፀገነት ደነገጠች።

«ነርሷ ስትደፋው ዓይንሽ ተከትሎት ሲሄድ አይቻለሁ» አለ ባየህ። «አልከፋኝም። በሬ የሞተበት ሰውም ቆዳውን ያያል። ውሰጅው ልጀ። የፈረንጁ አርባ ዓመት ከኖረ የኔስ ምን አነሰው?»

ፀገነት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ከሐዘኑ እፍረቱ በረታባት። ስትመለስ ግን ናሙና ሰጪ የሚፈርመውን የስምምነት ወረቀት ይዛ ነው። እያንዳንዱን መስመር ካማርኛው አነበበችለት። ባየህ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረው ፊደል ስሙን ጻፈ፤ «የ» ላይ ቆም ብሎ አሰበ።

ውሃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳ ፀገነት ባሕር ዳር ካለ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ጋር ተነጋግራ ነበር። ከደረቱ የወጣውን በበረዶ ሣጥን ይዛ ሮጠች። በመሣሪያ አሽከርክራ ሕዋሳቱን ለየቻቸው፤ ጣት በሚያህሉ አሥራ ሁለት ብልቃጦች ከፋፈለቻቸው። ከመዝጋቷ በፊት አንዲት ጠብታ በማጉያው አየች። ሕያው ናቸው። ክብ፣ ጥርት ያሉ፣ እንደ ዘለላ የተያያዙ። ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ስታይ ኖራ ይህን ስታይ ያማሩ መሰሏት፤ አባቷን የሚገድሉት እነሱ መሆናቸውን እያወቀች። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሚያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረቻቸው። የማቀዝቀዣው ኃላፊ በላቸው የሚባል ትሁት ሰው ነበር። «እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃቸው» አላት።

የቀረው ናሙናውን ካገር የማስወጣት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ አዲስ አበባ ነው። ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመሥሪያ ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሏት። ከወረታ አመጣች፤ ከምትማሪበት ዩኒቨርሲቲም ያስፈልጋል አሏት። ያም መጣ፤ ናሙና ሰጪው አባትሽ ስለሆነ ኮሚቴው በተለየ ይየው ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ እንዲህ አለቀ። በጥር መጀመሪያ ራሷ ተሳፍራ ሄደች።

ጉዳዩን የያዘው ሹም ቅጹን አገላብጦ አነበበ።

«ይህ አር ኤን ኤ ምን ይሠራል ነው ያልሽው?»

«ፕሮቲን አይሠራም። ነገር ግን…»

«የማይሠራ ከሆነ ጥቅሙ የሚለው ላይ ምን ብለን እንሙላ?»

አስረዳችው። ጨዋ ሰው ነው፤ አዳመጣት። በመጨረሻ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ፋይሉ ውስጥ ከተተ። «ተረጂን እኅቴ» አላት። «ይህ የአገር ሀብት ነው። የአገር ሀብት ዝም ብሎ አይወጣም። ከበዓሉ በኋላ ነይ።»

በዓሉ ጥምቀት ነው። ፀገነት ከተራውንም ጥምቀቱንም ቃና ዘገሊላውንም አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ቤት ተቀምጣ ጠበቀች። ቢሮው ሲከፈት ሹሙ ለስብሰባ ወጥቷል፤ በሳምንት ተመለሽ አሏት። ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።

ማቀዝቀዣው በራፍ ላይ ያለው ቁጥር ሰማንያ ይላል። ስትከፍተው ግን ሣጥኗ ከመደርደሪያው ጋር በበረዶ ተጣብቋል። ፈልቅቃ አወጣችው። ቀጥ አድርጋ ባኖረቻቸው ብልቃጦች ውስጥ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ረግቷል። ቀልጦ፣ ተዘንብሎ፣ እንደገና የረጋ ነገር ነው እንዲያ የሚሆን።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለችው በላቸውን።

«ለበዓሉ ወጥቼ ነበር» አለ። «ጠፋ አሉኝ መሰለኝ፤ ሦስት ቀን ነው አሉ። ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም። አሁን ግን ሰማንያ ላይ ነው፤ ይኸው እይው።»

አንዷን ብልቃጥ አቅልጣ ሰማያዊ ቀለም ጨመረችበት። ሕያው ሕዋስ ያን ቀለም አያስገባም፤ የሞተ ነው የሚቀባ። ማጉያውን ስትመለከት ሁሉም ሰማያዊ ነበር። ሁለተኛዋን አየች። ሦስተኛዋን አየች። አሥራ ሁለቱንም አየች፤ በላቸው ከኋላዋ ቆሞ አንድ ነገር እስክትናገረው ይጠብቃል። ቢጮኹበት የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ትጮኽበት ነበር።

ዶክተር አያልነህ ዘንድ ሄደች። እንደገና ሊቀዳ የሚችል ውሃ እንዳለ ጠየቀችው።

«ውሃው አሁን ብዙ የለም፤ ሳንባው ተጣብቋል» አላት። «መርፌ ብሰድ ለአንቺ ነው የምሰደው፤ ለእሳቸው አይደለም። አድርግ ካልሽኝ እሳቸው እሺ እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ አትጠይቂኝ።»

አድርግ አላለችውም።

ወደ ቤት ስትሄድ እውነቱን ለመናገር ቆርጣ ነበር። ሁሉም ሲዋሹት እሷ አልዋሸችውም፤ ይህንንም አትዋሽም። ባየህ መተኛት ስላቃተው መደቡ ላይ በተነባበረ ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል። ገና ከበራፉ ስትገባ ዓይኑ ያዛት።

«ደረሰ?» አለ።

«ደረሰ» አለች፤ የቷ ፀገነት እንደመለሰችለት አታውቅም።

«በቀለ?»

«በቅሏል አባየ። ገና በሳምንቱ ሳህኑን ሞልቶታል አሉ። አካፈሉት።»

«ምን ያበሉታል?»

«ቀይ ውሃ ነው። ስኳርም አለበት።»

ባየህ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ብዙ አስጨነቀው። ሲረጋጋ «እኔ አጥሚት አልወርድ ብሎኛል፤ እሱ ስኳር ይበላል» አለ። ፀገነት አብራው ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ሊጠይቀው ለሚመጣው ሁሉ የሚነግረው ይህን ነበር። ሕመሙ ሲበረታ እንኳ «እኔ ብሄድም እዚያ አለሁ» ይላል። ንብረትም ይኮራል፤ አንበሳሜ ገበያ ድረስ ወሬውን አደረሰው። በሽታው ካንሰር መሆኑን ማንም እንዳይሰማ ያስጠነቀቀው ሰው፣ አባቱ ባሕር ማዶ መብቀሉን እየዞረ ያወራል። ፀገነት በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ትጨምርለት ነበር። መምህርቷ ምን እንዳለች፣ ከፈረንጁ ይልቅ የእሱ እንዴት እንደሚፈጥን። ባየህ ጉንጩን የሳሙት ያህል ደስ ሲለው እያየች ውሸቱን ታሳድጋለች።

የፈቃዱ ደብዳቤ በየካቲት መጨረሻ ወረታ መጣ። ናሙናው እንዲወጣ ተፈቅዷል ይላል፤ ማኅተሙ ደማቅ ነበር። ቀድዳ ልትጥለው አሰበችና አልቻለችም፤ መጽሐፍ ውስጥ ከተተችው።

ባየህ ለፋሲካ አልደረሰም። በመጋቢት ሃያ፣ ቀትር ላይ፣ ሚስቱ ውሃ ልታቀርብለት ጎንበስ ስትል አረፈ። ፎገራ ሜዳ ለለቅሶ ወጣ።

በአርባኛው ቀን ተዝካር ሰዉ በልቶ ሲበተን አገኘሁሽ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ሥላሴን ወደ ዳር ወሰደቻቸው። ፀገነት ዕቃ እየሰበሰበች አጠገባቸው ነበረች።

«አባ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ» አለች አገኘሁሽ። «ሥጋው ሰው አገር በሕይወት እያለ ፍትሐቱ ሙሉ ይሆንለታል? ነፍሱ ግማሹን ትታ ትሄዳለች?»

አባ ወልደ ሥላሴ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶባቸው አያውቅም። «እግዚአብሔር የቆጠረውን ያውቃል፤ አንች ጸልይ» አሏትና መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ።

አገኘሁሽ አልረካችም። ገና ፀሐይ ሳለ፣ ፀገነትን ከጎኗ አስቀመጠቻት። ከባየህ ሞት ወዲህ ጠጉሯን ተላጭታ በጥቁር ሻሽ ጠቅልላዋለች።

«ሥራቸውን ሲጨርሱ ይመልሱት» አለች። «ይዘሽልኝ ነይ። መቃብሩን እናስከፍትና ከጎኑ ይግባ። አንዳንዴ ብቻየን ስሆን እዚያ ብርድ ይሆንበት ይሆን እላለሁ። ደግሞ አለ ብየ ደስ ይለኛል። ሁለቱን እንዴት እንደማደርጋቸው አጣሁት።»

ፀገነት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ነገረቻት። ስለ ጥምቀቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰማያዊው ቀለም፤ ለአባቷ በቅሏል ያለችው የሕዋሳቱን መሞት በዓይኗ አይታ መሆኑን። ምንም ሳታስቀር፣ ፊቷን ሳታዞር።

አገኘሁሽ አልጮኸችም። እጇን ከጭኗ አንሥታ ሻሿን አጠበቀች።

«እሱን ዋሸሽው» አለች።

«አዎ እማየ።»

«በደስታ ሄደ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለኔስ እንደሱ ብታደርጊልኝ ምን ነበረበት?»

ይህን ብላ ተነሣች። ጥጆቹን ልትለይ ወደ በረት ሄደች። ፀገነት የተዝካሩን ዕቃ መሰብሰቧን ቀጠለች።

ፀገነት ወደ ህንድ አልተመለሰችም። መምህርቷ ሌላ ናሙና ሰብስቢ ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈችላት፤ ሁለቱንም አነበበችና አልመለሰችም። መስከረም ሲጠባ ወረታ ላይ ባዮሎጂ ማስተማሯን ቀጠለች። ስለ ሕዋስ ስታስተምር መጽሐፉ ላይ ካለው አትወጣም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎረቤቶች እናቷን አቁመው ይጠይቋታል። መጀመሪያ የጠየቀቻት ጽጌሬዳ የምትባል የጎረቤታቸው ሚስት ነበረች። «የባየህ ነገር እንዴት ነው? እዚያ ያለው?» አለች።

አገኘሁሽ ልጇን አላየቻትም።

«አለ» አለች። «ይጨምራል አሉ። አሁንማ ሌላ አገርም ልከውታል።»

ሴትዮዋ «ተመስገን» ብላ ወደ ፀገነት ዞረች፤ ከተማረችው አፍ ልትሰማው።

«አዎ» አለች ፀገነት።